የለቀቀ ሁሉ ወጭት ሰባሪ ነው እንዴ?

ሥራ እንዴት እንደሚገኝ የማይመክረን ሰው የለም። የማመልከቻ አጻጻፍ በኮርስ ተምረናል፤ ሲቪ እንዴት እንደሚያምር ሲኒየሮቻችን ነግረውናል፤ ለቃለ መጠይቅ ሲገባ የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ እንዳለበት ሳይቀር እናቶቻችን አስጠንቅቀውናል። ስለ መልቀቅ ግን አንድም ሰው ምንም ብሎን አያውቅም። ውድ የትምህርት ክፍላችን አንባብያን፣ እስቲ አስቡት! ከእኛ መካከል በመጀመሪያ በተቀጠረበት ቦታ ጡረታ የሚወጣ ስንት ነው? እኔ አንድም አይታየኝም። ሁላችንም አንድ ቀን እንለቃለን፤ ብዙዎቻችን ደግሞ ከአንድ ጊዜ በላይ። ታዲያ በእርግጠኝነት ለሚመጣ ነገር ለምን አንዘጋጅም?

እኔ የደባርቅ ልጅ ነኝ፤ ስለዚህ ምሳሌዬን ከዚያው ከማውቀው ባመጣ አይፈረድብኝም። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት ያለው እኛ ከተማ ነው፤ ፓርኩ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንግዳ ሲመጣ የሚያርፈውም፣ ጓዙን የሚያስጭነውም እዚያ ነው። በእግር የሚሄድ እንግዳ ብቻውን አይወጣም። አስጎብኚ አለው፣ ጠመንጃ የያዘ ስካውት አለው፣ ምግብ አብሳይ አለው፣ በቅሎና በቅሎ ጫኝ አለው። እነዚህ ሰዎች ከዚያ በፊት አብረው ሠርተው ላያውቁ ይችላሉ። ተራቸው ደርሶ ነው የተገናኙት። ከሳንቃበር ወደ ግጭ፣ ከግጭ ወደ ጨነቅ አብረው ወጥተው ወርደው፣ በረዶ አብረው ቀምሰው፣ በመጨረሻው ቀን ይለያያሉ።

አለያየታቸውን ያየ ሰው ይገረማል። አስጎብኚው ሁሉንም ይሰበስባል። የእያንዳንዱን ስም እየጠራ ምን እንደሠራ ለእንግዳው ይናገራል፤ ይሄ ውሃ ያፈላልን የነበረው ነው፣ ይሄ በዝናቡ ቀን ድንኳኑን የያዘልን ነው እያለ። እንግዳው ያመሰግናል፣ ጉርሻውን ይሰጣል፣ ጉርሻው እዚያው በግልጽ ይከፋፈላል። የተዋሱት ብርድ ልብስ ይመለሳል፤ የጎደለ ማንኪያ ካለ ይቆጠራል። ከዚያ በዕድሜ የገፋው ስካውት እጁን ዘርግቶ "መንገዳችሁን ጨርቅ ያድርግላችሁ" ብሎ ይመርቅና ሁሉም ወደየቤቱ ይገባል። ሁልጊዜ እንዲህ ነው አልልም፤ በጉርሻ የተጣሉም አይጠፉም። ግን ልማዱ አለ። መለያየት የሥራው አካል ተደርጎ ይታያል።

እንግዲህ ስድስት ቀን ለሚቆይ ሥራ ይህን ያህል የመለያያ ወግ ያለን ሰዎች፣ ስድስት ዓመት የሠራ ሰው ሲለቅ ምን እናደርጋለን? "ጠፋ" እንላለን።

ይቺን ቃል ልብ በሉልኝ። በእኛ አካባቢ ሰው ሥራ አይለቅም፣ ይጠፋል። "የቆላው ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር ጠፋ።" "የእገሌ ሆቴል ገንዘብ ተቀባይ ጠፍታለች አሉ።" አርብ ደመወዝ ይወሰዳል፣ ቅዳሜ ሌሊት አውቶቡስ ይያዛል፣ ሰኞ ስልክ አይነሣም። ከደባትም ከደባርቅም እንዲህ የሄዱ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ፤ አንዳቸውም ሌባ አይደሉም። እንዲያውም ከሠራተኛ የተሻሉ የሚባሉት ነበሩ። ታዲያ ምን አስጠፋቸው?

መልሱን ከመናገሬ በፊት መጥፋት ምን እንደሚያስከትል ላሳይ፤ ምክንያቱም ብዙዎቻችን ጉዳቱ ለአሠሪው ብቻ ይመስለናል። አገራችን ውስጥ ገንዘብ ወይም ንብረት የሚነካ ሥራ ለመያዝ ብዙ ጊዜ ተያዥ ይጠየቃል። ተያዥ የሚሆነው ማነው? ቋሚ ደመወዝ ያለው ዘመድ ነው፤ አጎት፣ የአክስት ባል፣ አንዳንዴም የቄስ ትምህርት ያስቆጠሩን ሰው ልጅ። እነዚህ ሰዎች መሥሪያ ቤታቸው ሄደው የደመወዛቸውን ማስረጃ አጽፈው፣ ፈርመው ነው ልጁን ያስቀጠሩት። የሰፈራችን አንድ ልጅ በአንድ የእንግዳ ማረፊያ ገንዘብ ያዥ ነበር። የተሻለ ነገር አገኘና ሳይናገር ሄደ። በኋላ ሒሳቡ ሲታይ አንድ ብር አልጎደለም። ነገር ግን ርክክብ አልተደረገም፤ የካዝናው ቁልፍ በጎረቤት እጅ ነው የተላከው፤ ያልተቆረጡት ደረሰኞች ስንት እንደነበሩ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ የተጠራው አጎቱ ነው። እኒያ ጋሼ፣ ዕድሜ ልካቸውን ጠመኔ ይዘው የኖሩ ሰው፣ የአንድ ዓመት ትርፍ ጊዜያቸውን በደብዳቤና በሽምግልና ጨረሱት። በመጨረሻ ነገሩ ተዘጋ። ግን ከዚያ ወዲህ እሳቸው ለማንም አይፈርሙም። በሰፈሩ ሥራ አግኝተው ተያዥ ያጡ ሁለት ልጆች አሉ፤ የጠፋውን ልጅ አያውቁትም እንኳ።

አንድ ሰው ሲጠፋ የሚዘጋው በር የእሱ ብቻ አይደለም ማለት ነው። ቆላ ያሉት ተማሪዎችም በየካቲት የጠፋባቸውን የሒሳብ መምህር እስከ ሰኔ አያገኙትም። ፈተናው ግን ሰኔ ላይ ይመጣል።

እሺ፣ ይህን ሁሉ እያወቀ ሰው ለምን ይጠፋል? "የሥነ ምግባር ጉድለት ነው" የሚሉ አሉ፤ "የዘንድሮ ወጣት እንዲህ ነው" የሚሉ ደግሞ ይበዛሉ። በእኔ አስተያየት ግን ይህ ስንፍና ያለበት መልስ ነው። ጠፍቶ የሚሄድ ሰው የሚፈጠረው፣ ከእሱ በፊት በሥርዓት ተናግሮ የለቀቀው ሰው ምን እንደደረሰበት ሲያይ ነው።

የማውቃት አንዲት እህት በአንድ ሎጅ አራት ዓመት ሠርታለች። እንግዳ ተቀባይ ነበረች። ትምህርቷን ለመቀጠል ስትወስን ለባለቤቱ ከአንድ ወር በላይ ቀደም ብላ በጽሑፍ አሳወቀች፤ ቦታዋን የምትይዘውን ልጅም ራሷ እንደምታለማምድ ነገረች። ከዚህ በላይ ምን ይደረጋል? ከዚያች ቀን ጀምሮ ግን ሰላምታ ተከለከለች። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ በእንግዶች ፊት ከእጇ ተወሰደ። "እዚህ አድገሽ፣ እዚህ እንግሊዝኛ ለምደሽ፣ አሁን የበላሽበትን ወጭት ሰበርሽ" ተባለች። የመጨረሻ ወር ደመወዟ "ነገ ነይ" ሆነ። የሥራ ልምድ ማስረጃ ስትጠይቅ "ለከዳ ሰው ደብዳቤ አንጽፍም" አሏት። እሷ ለቅሳ ተወችው። አብረዋት የሚሠሩት ግን ትምህርቱን ወሰዱ። በዚያው ዓመት ሁለት ሠራተኞች ሌሊት ጠፉ! ባለቤቱ እስከ ዛሬ "ሰው ማመን አይቻልም" እያሉ ያማርራሉ አሉ።

"የበላበትን ወጭት ሰባሪ" የሚለው አባባል በራሱ ክፉ አይደለም። ውለታ ለሚረሳ ሰው የተነገረ ነው። ችግሩ ደመወዝን ውለታ ማድረጋችን ላይ ነው። ሠራተኛ በእንግድነት ተጋብዞ አልበላም። ሠርቶ ነው የበላው። ሲነሣ ወጭቱን አጥቦ ካስረከበ፣ ምኑን ነው የሰበረው?

ሕጉ ይህን ያውቃል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ በፈቃዱ መልቀቅ እንደሚችል ይደነግጋል። የአሠሪው "እሺ" አያስፈልግም፤ ማስጠንቀቂያው ማሳወቂያ ነው፣ የልመና ማመልከቻ አይደለም። ያለ ማስጠንቀቂያ የሚለቅ ሠራተኛ ደግሞ፣ ለምሳሌ አሠሪው ክብሩን የሚነካ ድርጊት ፈጽሞበት ወይም ደመወዙን በጊዜው ሳይከፍል ደጋግሞ አስቀርቶበት ካልሆነ በቀር፣ ካሣ ሊጠየቅ ይችላል፤ ካሣውም ከ30 ቀን ደመወዝ አይበልጥም። በሌላ በኩል አሠሪው ውሉ ሲቋረጥ የሚገባውን ክፍያ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መክፈል አለበት። የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ምስክር ወረቀትም በነጻ የመስጠት ግዴታ አለበት። "እኛ ዘንድ የጽሑፍ ውል የለም" የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ በአካባቢያችን ብዙ ሰው በቃል ነው የሚቀጠረው። ሆኖም አዋጁ የጽሑፍ ውል ባለመኖሩ ምክንያት ሠራተኛው መብቱን እንዲያጣ አያደርግም። የመንግሥት ሠራተኞች፣ መምህራንን ጨምሮ፣ በራሳቸው አዋጅ ይተዳደራሉ፤ እዚያም ቢሆን በጽሑፍ አስቀድሞ ማሳወቅ የሚባል ነገር አለ።

ያቺ እህት ይህን አታውቅም ነበር። እሷን የከለከሏት ሰውም የሚያውቁ አይመስለኝም።

አንዳንዴ ሳስበው ነገሩ ከሎጅና ከሆቴል በላይ ይመስለኛል። በአገራችን ከትልቁ ወንበር በሰላም የተነሣ ሰው ስንት ነው? ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ከቤተ መንግሥት በአነስተኛ መኪና ተወስደው ወጡ። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ግንቦት 13 ቀን 1983 አገር ጥለው ሄዱ፤ በእኛ ሰፈር አማርኛ ጠፉ። አቶ መለስ ዜናዊ በ2004 በሥልጣን ላይ እያሉ አረፉ። ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ የፕሬዝዳንትነት ዘመናቸውን ጨርሰው በ1994 ሲወርዱ ከፓርቲያቸው ጋር ተቃቅረው ነበር፤ በ1997 ለምርጫ በመወዳደራቸውም ለቀድሞ ፕሬዝዳንት የሚሰጠውን ጥቅማ ጥቅም አጥተዋል። ሰው ይህን እያየ ነው ያደገው። ከዚህ የተለየው የአቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ ነው። የካቲት 8 ቀን 2010 መልቀቂያ እንዳስገቡ ለሕዝብ ተናገሩ፤ የመፍትሔው አካል ለመሆን ነው አሉ። ተተኪ እስኪሰየም ሥራቸውን እየሠሩ ቆይተው መጋቢት 24 ቀን አስረከቡ። ስለ አስተዳደራቸው የፈለግነውን እንበል፤ ያ ጊዜ የተቃውሞና የግጭት ጊዜ መሆኑንም አልረሳሁም። ስለ አለቃቀቃቸው ግን አንድ ነገር መካድ አይቻልም። ከመናገር እስከ ማስረከብ ያሉት ሳምንታት ባዶ አልነበሩም። እኔ ያን ጊዜ ገና ትንሽ ልጅ ነበርኩ፤ ትዝ የሚለኝ ትልልቆቹ "ኧረ መልቀቅም ይቻላል እንዴ?" ሲሉ ነው።

ወደ ተራራችን ልመለስ። በመልካም መልቀቅ ማለት ዝም ብሎ፣ ፈገግ ብሎ፣ ቅሬታን ውጦ መሄድ የሚመስላቸው አሉ። እኔ አልስማማም። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ የሰሜን ፓርክ የመጀመሪያው ዋርደን የነበረው የዌልስ ተወላጁ ክላይቭ ኒኮል ሁለት ዓመት ያህል ሠርቶ ሲሄድ ያየውንና ያማረረውን ሁሉ በመጽሐፍ ጽፎ አሳትሟል። ሁሉም ሰው ደስ ብሎት አነበበው ለማለት አልደፍርም። ግን ቅሬታውን በስሙ፣ በግልጽ ነው የተናገረው። ከእሱ ጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ ሃንስ ሁርኒ የተባለው የስዊዘርላንድ የመልክዓ ምድር ተመራማሪ ከ1975 እስከ 1977 እ.ኤ.አ. ፓርኩን በኃላፊነት መርቷል። ቦታው በጦርነቱ ምክንያት ሲከፋ ለቆ ወጣ። ሰውዬው ግን ሥራውን ለቀቀ እንጂ ሰሜንን አልለቀቀም፤ በ1981 እ.ኤ.አ. ከግብርና ሚኒስቴር ጋር በአገሪቱ የአፈር ጥበቃ ምርምር መርሐ ግብር ጀመረ፤ ከዚያም በኋላ ለአሥርተ ዓመታት እየተመለሰ ስለ ተራራው አጥንቷል። ሁለቱም አለቃቀቆች ለእኔ መልካም ናቸው። ሁለቱም የሚታይ ነገር ትተው ነው የሄዱት፤ አንዱ ቅሬታውን፣ ሌላው በር ገርበብ አድርጎ።

ጠፍቶ የሄደ ሰው ግን ቅሬታውንም ይዞት ይሄዳል። አሠሪው ምን እንዳጠፋ ሳያውቅ ይቀራል። በማግስቱ የሚቀጠረው ልጅ ያንኑ መከራ ይቀበላል።

እርግጥ ሰው ሥራውን የሚለቅበት ብቻ ሳይሆን ሥራው ሰውን የሚለቅበት ጊዜም አለ። ይህን ከደባርቅ ልጅ በላይ ማን ያውቃል? በመጋቢት 2012 ኮሮና ሲመጣ እንግዳ ቆመ። ጥቅምት 2013 ጦርነት ተነሣ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ደባት ወረዳ ጭና ድረስ ደረሰና ብዙ ሰላማዊ ሰው አለቀ። ትንሽ ፋታ ተገኘ ሲባል ከ2015 ክረምት ወዲህ በክልሉ ሌላ ግጭት ሆነ። ለተራሮቹ ትርጉም እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ የለመዱ አስጎብኚዎች ባጃጅ ነዱ፣ ሱቅ ከፈቱ፣ አዲስ አበባ ገቡ፣ ባሕር የተሻገሩም አሉ። ማንም አልበደላቸውም፣ ማንንም አልበደሉም። ማስጠንቀቂያ የሚሰጡት አሠሪም የላቸውም። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ታዝቤአለሁ። ሲሄዱ "እኔ እዚህ ነኝ፣ ስልኬ ይሄ ነው፣ እንግዳ ከመጣ ጥሩኝ" ብለው፣ የወሰዱትን ድንኳንና የመኝታ ከረጢት መልሰው የሄዱት አልፎ አልፎ አንድ ቡድን ሲመጣ ይጠራሉ። ዕቃ ይዘው የቀሩት ስማቸው ሲነሣ ወሬው ስለ ዕቃው ይሆናል። አራትና አምስት ሰው ተራ በሚጠብቅበት ከተማ ይህ ልዩነት የምሳ ጉዳይ ነው።

ስለ እኛ ስለ ጋዜጠኞቹስ? የእኛ ሥራ ርክክብ የሌለው ይመስለናል፤ ብዕርና ማስታወሻ ደብተር ምን ይረከባል? ይረከባል እንጂ። የተቀዳ ድምፅ የት ፋይል ውስጥ እንዳለ የምናውቀው እኛ ብቻ ነን። "ሳምንት ተመልሼ እመጣለሁ" ብለነው የመጣን ገበሬ አለ፤ እሱ ቃሉን የሰጠው ለጣቢያው እንጂ ለእኛ ብቻ አይደለም። የተጀመረ ዜና፣ ቀጠሮ የተያዘለት እንግዳ፣ ያልተመለሰ የቴፕ ካሴትና ሚሞሪ ካርድ፤ ይህ ሁሉ ለተተኪ መነገር አለበት። አንድ ነገር ግን አይረከብም፤ ስሙ እንዳይነገር አደራ ብሎ የነገረን ሰው። ያ አደራ የጣቢያው የንብረት መዝገብ ውስጥ የለም። አዘጋጁ ቢጠይቅ እንኳ ሰውዬውን ሳናስፈቅድ ለተተኪ ማስረከብ ተገቢ አይመስለኝም። (በክፍላችን በዚህ ላይ ክርክር ቢዘጋጅ ደስ ይለኛል፤ መምህራኖቻችን የተለያየ ሐሳብ እንዳላቸው አውቃለሁ።)

ሌላም ነገር አለ። ብዙ ሲኒየሮቻችን ከሬዲዮ ወደ ሕዝብ ግንኙነት ሥራ ይሄዳሉ። ትናንት ይጠይቁት የነበረውን መሥሪያ ቤት ዛሬ ወክለው ይናገራሉ። በሰላም ካልተለያዩ የቀድሞ ባልደረባቸው ማይክ ይዞ ሲመጣ ምን ይውጣቸዋል? ይህ እየቀለድኩ አይደለም፤ በአንድ ከተማ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው፣ ልቅሶ ላይም ይገናኛሉ።

መሥሪያ ቤቶቻችን ሽኝት አያውቁም ማለቴ አይደለም። ኃላፊ ሲዛወር መዋጮ ይሰበሰባል፣ ጋቢ ይለበሳል፣ ፎቶ ይነሣል። ግን ይህ ለተዛወረ ወይም ላደገ ሰው ነው። በራሱ ፈቃድ ለለቀቀ ጥበቃ ወይም ጽዳት ሠራተኛ ጋቢ ያለበሰ መሥሪያ ቤት አይቼ አላውቅም። እሷ የምትሸኘው በክሊራንስ ነው፤ ከንብረት ክፍል ወደ ሒሳብ ሹም፣ ከሒሳብ ሹም ወደ ቤተ መጻሕፍት፣ "ፈራሚው የሉም፣ ነገ ነይ።" ክሊራንሱ ተገቢ ነው፤ ንብረት መቆጠር አለበት። አንድ ሰው አብሯት እየዞረ ቢያስፈርምላትስ? በመጨረሻም ኃላፊው አስቀምጦ "ምን ሆነሽ ነው የለቀቅሽው?" ቢላት? ስለ መሥሪያ ቤቱ እውነቱን የምትናገረው ያን ዕለት ነው፤ ከዚያ በኋላ የምትፈራው ነገር የለማ።

በቅርቡ የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎቻችን ለሥራ ልምምድ ይወጣሉ፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ የእኛ ተራ ነው። የልምምድ ቅጹ ላይ የመጀመሪያ ቀን መገኘታችን ይፈረማል፣ በየሳምንቱ መገኘታችን ይፈረማል። የመጨረሻው ቀን ምን አስረክበን እንደወጣን የሚጠይቅ መስመር ግን አላየሁበትም። የትምህርት ክፍሉ አንድ መስመር ቢጨምርበት ወረቀቱ አያልቅም።

ያቺ የሎጁ እህት ዛሬ ትምህርቷን እየጨረሰች ነው። ባለፈው ስንገናኝ አዋጁ ስለ ምስክር ወረቀት የሚለውን ነገርኳት። "ሄጄ ልጠይቃቸው ይሆን?" አለችኝ። ሂጂ አልኳት። የሚጻፈው የሥራው ዓይነት፣ የሠራችበት ዘመንና ደመወዟ ነው፤ ግማሽ ገጽም አይሞላም።